የመስተዋት ገንዳው ለምን አረንጓዴ ይሆናል? ስለ አልጌ ቁጥጥር የተዘጋጀ ትምህርት

ዓሣንና የውሃ ዕፅዋትን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ማሳደግ ለዓይን ከሚሰጠው ደስታ ይልቅ ለአእምሮ የሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ አኳሪየም ውስጥ የባዮሎጂም፣ የኬሚስትሪም፣ የሒሳብም ትምህርት ተጠቃልሎ ይገኛል። ዳሩ ግን ይህን ሥራ የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ አንድ ችግር ይገጥመዋል። በመጀመሪያ መስተዋቱ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል፤ ቀጥሎም ቅጠሎቹ ቡናማ ትቢያ ይለብሳሉ፤ በመጨረሻም ውሃው ራሱ ጎመን የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ አልጌ የሚገድል መድኃኒት ፈልጎ ይጨምራል፤ ወይም ገንዳውን ገልብጦ በበረኪና አጥቦ እንደገና ይጀምራል። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ከአልጌው ጋር ዕፅዋቱንና ዓሣውን ይጎዳል፤ የታጠበውም ገንዳ ከወር በኋላ ተመልሶ ያው ይሆናል። አበው «ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንነሣው አልጌን እንዴት እንግደለው ከሚለው ጥያቄ ሳይሆን፣ አልጌ ለምን በዛ ከሚለው ጥያቄ ነው። መልሱን አስቀድመን በአጭሩ ለመናገር ያህል፣ አልጌ የሚበዛው ዕፅዋቱ ሲደክሙና ብርሃኑ ከልክ ሲያልፍ ነው፤ የሚቀንሰውም ዕፅዋቱ ሲበረቱና ብርሃኑ ሲመጠን ነው። ይህ አባባል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ሐይቆች ከሚሰጠው ትምህርት ጋር የሚጋጭ መስሎ የሚታይ ነገር ስላለበት፣ ደረጃ በደረጃ ማስረዳት ያስፈልጋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይበሉልን።

1. አልጌ ምንድን ነው?

በአማርኛ የትምህርት መጻሕፍት ዋቅላሚ የሚባለው አልጌ፣ እውነተኛ ሥር፣ ግንድና ቅጠል የሌለው፣ ነገር ግን እንደ ዕፅዋት ከብርሃን በሚያገኘው ኃይል ምግቡን ራሱ የሚሠራ ፍጡር ነው። ይህም ምግብን በብርሃን የመሥራት ተግባር ፎቶሲንተሲስ ይባላል። ከአልጌ ወገን ከፊሉ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ አንድ ሕዋስ ነው፤ ከፊሉ እንደ ፀጉር ክር ይረዝማል፤ በባሕር ውስጥ ከሚበቅለው ደግሞ ርዝመቱ ብዙ ሜትር የሚደርስ አለ።

አልጌ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በምድራችን ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉ የሚከናወነው በውቅያኖስ ላይ በሚንሳፈፉ ደቃቅ አልጌዎችና የእነርሱ መሰል ባክቴሪያዎች ነው። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በቢሾፍቱ አጠገብ የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው፤ ለቀለሙም ምክንያት የሆነው በንግድ ዓለም ስፒሩሊና ተብሎ የሚታወቀው፣ ለፍላሚንጎ ወፎች ምግብ የሚሆነው ደቃቅ ፍጡር ነው።

የአልጌ ዘር በአየርም፣ በአዲስ ተክል ቅጠልም፣ ከዓሣው ጋር በሚመጣው ውሃም ወደ ገንዳችን ይገባል። ስለዚህ ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ ማጥፋቱም አያስፈልግም። በአንድ ድንጋይ ላይ ያለ ስስ አረንጓዴ ሽፋን ጤነኛ ገንዳ ውስጥም የሚገኝ ነገር ነው። የእኛ ዓላማ አልጌ በገንዳው ውስጥ ተገዢ ሆኖ እንዲኖር እንጂ ገዢ እንዳይሆን ማድረግ ነው።

2. የመጀመሪያዎቹ ገንዳዎች ታሪክ

በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ ወርቃማ ዓሣና ቫሊስኔሪያ የሚባለውን የውሃ ተክል በአንድ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ በማድረግ፣ አንዱ የሌላውን ሕይወት ሊደግፍ እንደሚችል አሳየ። ዓሣው የሚተነፍሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፤ ተክሉ የሚያወጣውን ኦክስጅን ደግሞ ዓሣው ይተነፍሳል። ዳሩ ግን ቆየት ብሎ የተክሉ አሮጌ ቅጠሎች መበስበስ ጀመሩ፤ ውሃው ደፈረሰ፤ በመስተዋቱም ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ተጣበቀ። ዋሪንግተን ያን ጊዜ መርዝ አልጨመረም። ከኩሬ የሚገኙ ቀንድ አውጣዎችን አምጥቶ ጨመረ፤ እነርሱም የበሰበሰውን እየበሉ ገንዳውን አጸዱለት። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ማለት በ1853፣ በለንደን የአራዊት መጠበቂያ ለሕዝብ የሚታይ የመጀመሪያው አኳሪየም ተከፈተ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ቁም ነገር፣ አልጌው የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ እንዳልነበረ ነው። በሽታው የበሰበሰው ቅጠል ነበር። ቅጠሉ ሲነሣ ምልክቱም አብሮ ተነሣ።

3. አልጌና ዕፅዋት የሚሻሙባቸው ነገሮች

አልጌም ሆነ የውሃ ተክል የሚያስፈልጋቸው ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ብርሃን፣ ካርቦን፣ ናይትሮጂን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታስየም፣ ብረትና ሌሎችም በጥቂቱ የሚፈለጉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እንዲታወቅ ባደረገው ሕግ መሠረት፣ የአንድን ተክል ዕድገት የሚወስነው የተትረፈረፈው ነገር ሳይሆን ከሚያስፈልገው ይልቅ ያነሰው ነገር ነው። ለምሳሌ ሳንቆቹ እኩል ያልሆኑ በርሜል ቢኖረን፣ የሚይዘው ውሃ እስከ አጭሩ ሳንቃ ድረስ ብቻ ነው። ረጃጅሞቹን ሳንቆች የቱንም ያህል ብናስረዝማቸው ውሃው አይጨምርም።

እንግዲህ ሁለቱም አንድ ማዕድ ላይ የሚቀርቡ ከሆነ፣ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? ልዩነቱ በመጠናቸው ላይ ነው። ደቃቁ አልጌ ከሰውነቱ ይዘት ጋር ሲመዛዘን ሰፊ ገላ አለው፤ ስለዚህ በውሃው ውስጥ እጅግ የሳሳውን ምግብ እንኳ ለቃቅሞ ይኖራል። ተክሉ ግን ትልቅ ነው፤ ብዙ ይፈልጋል። በሌላ በኩል ተክሉ ምግብ ሲያገኝ በሥሩና በግንዱ ያከማቻል፤ ቅጠሉንም ዘርግቶ ሌላውን ያጠላበታል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በጣም አስፈላጊ ነው። ሁለቱን አብረን ብናስርብ፣ ቀድሞ የሚደክመው ተክሉ ነው። የደከመ ተክል ቅጠሉ ይቢጫል፤ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰውም ቅጠል ለአልጌ ምግብ ይሆናል። በረሃብ አልጌን ለማሸነፍ የሚሞክር ሰው፣ ከጠላቱ ይልቅ የራሱን ወታደር ያስርባል ማለት ነው።

4. የሐይቁ ትምህርትና የገንዳው ሒሳብ

አሁን በመግቢያችን የጠቀስነውን የሚጋጭ የሚመስል ነገር እንመልከት። በ1973 ዴቪድ ሺንድለርና የሥራ ጓደኞቹ በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ «ሐይቅ 226» ተብሎ በቁጥር የሚጠራውን ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጂን ጨመሩ፤ በሌላው ወገን ካርቦንና ናይትሮጂን ከፎስፎረስ ጋር ጨመሩ። ፎስፎረስ የተጨመረበት ወገን አረንጓዴ ሲሆን፣ ሌላው እንደ ቀድሞው ጠርቶ ቀረ። ከአየር ላይ የተነሣው የዚህ ሐይቅ ፎቶግራፍ ብዙ አገሮች ፎስፎረስ ያለበትን የልብስ ሳሙና ዱቄት በሕግ እንዲገድቡ ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ ነው።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው እኛም ከገንዳችን ፎስፎረስን እናስወግድ» ሊል ይችላል። በእርግጥም በ1990ዎቹ ዓመታት በዚህ መንገድ የሚሄዱ የአኳሪየም ሰዎች ነበሩ። ዳሩ ግን ሒሳቡን እንሥራ።

ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 36 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 64.8 ሊትር ይይዛል። የጠጠሩን፣ የድንጋዩንና ከላይ የሚተወውን ቦታ ስንቀንስ 55 ሊትር ያህል ውሃ ይቀራል። ከመቶ 40 እጁ ፕሮቲን የሆነ አንድ ግራም የዓሣ ምግብ ወደ 64 ሚሊ ግራም ናይትሮጂን አለበት፤ ምክንያቱም ከፕሮቲን ውስጥ 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጂን ነው። ይህ ሁሉ በመጨረሻ ወደ ናይትሬት ቢለወጥ 283 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ለ55 ሊትር ሲካፈል በሊትር 5 ሚሊ ግራም ያህል ማለት ነው። በዚሁ አንድ ግራም ምግብ ውስጥ ፎስፎረስ ወደ 1 በመቶ፣ ማለት 10 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ ለ55 ሊትር ሲካፈል በሊትር 0.18 ሚሊ ግራም ይደርሳል። የሐይቅ ተመራማሪዎች በሊትር ከ0.03 ሚሊ ግራም በላይ ፎስፎረስ ያለበትን ሐይቅ በጥቅሉ ምግብ የበዛበት ሐይቅ ይሉታል። እኛ ግን በአንድ ግራም ምግብ ብቻ ከዚህ ልክ ስድስት ጊዜ አለፍን!

ስለዚህ ዓሣ እስከመገብን ድረስ ፎስፎረስን ከገንዳ ማጥፋት አይቻልም። የሐይቁ ሕግ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን በገንዳችን ውስጥ አጭሩ ሳንቃ ፎስፎረስ አይደለም። በሐይቅ ላይ ፀሐይን ማጥፋት አንችልም፤ ስለዚህ የሚቀረን መግቢያውን መቆጣጠር ነው። በገንዳ ላይ ግን የፀሐዩ ማብሪያና ማጥፊያ በእጃችን ነው፤ የምንተክለውንም ተክል የምንመርጠው እኛው ነን።

ከዚህም በላይ በ1993 ማርተን ሸፈር የተባለው የኔዘርላንድስ ሊቅና ባልደረቦቹ ጥልቀት ስለሌላቸው ሐይቆች ባቀረቡት ጥናት፣ አንድ ዓይነት የምግብ መጠን ያላቸው ሁለት ሐይቆች በሁለት የተለያየ ሁኔታ ጸንተው ሊኖሩ እንደሚችሉ አስረድተዋል። አንደኛው በውሃ ዕፅዋት የተሞላና የጠራ ነው፤ ሁለተኛው ዕፅዋት የሌሉበትና በአልጌ የደፈረሰ ነው። ዕፅዋት ካሉ ውሃውን ያጠሩታል፤ የጠራም ውሃ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ዕፅዋቱን ያሳድጋል። አልጌ ከበዛ ደግሞ ብርሃኑን ይከለክላል፤ ዕፅዋቱም ይሞታሉ። የመስተዋት ገንዳም ጥልቀት የሌለው ትንሽ ሐይቅ ነው። በየትኛው ወገን እንደሚጸና የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አያያዛችን ነው።

5. በተግባር ምን ይደረግ?

ሀ) ብርሃኑ ይመጠን። በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ ወደ 12 ሰዓት ያህል ታበራለች። ስለዚህ ገንዳው ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አይቀመጥ። መብራቱ አዲስ ገንዳ ላይ በቀን 6 ሰዓት፣ ዕፅዋቱ ሥር ከሰደዱ በኋላ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይብቃው። ቀን ትምህርት ላይ ለሚውል ተማሪ፣ መብራቱን ከቀትር በኋላ ከ9 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ማብራት ምቹ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ለዚህም ሰዓት ያለው ማብሪያ ቢገዛ መልካም ነው። ብርሃኑ የበረታ ከሆነ መብራቱን ከፍ አድርጎ መስቀል ወይም ጥቂት ተንሳፋፊ ተክል መጨመር ይቻላል።

ለ) ዕፅዋቱ ከመጀመሪያው ቀን ይብዙ። ሁለትና ሦስት ዘለላ ተክሎ ቀስ በቀስ እጨምራለሁ ማለት ሜዳውን ለአልጌ መልቀቅ ነው። ከወለሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይተከል፤ ይልቁንም እንደ ሴራቶፊለምና ቫሊስኔሪያ ያሉ ፈጥነው የሚያድጉ ዓይነቶች ይመረጡ። ያረጀና የቢጫ ቅጠል በየሳምንቱ ተቀንጥቦ ይውጣ።

ሐ) ምግቡ ይለካ። ዓሣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በልቶ ከሚጨርሰው በላይ አይሰጥ። በሳምንት አንድ ቀን ጾም ቢውሉ ጤነኛና ያደጉ ዓሦችን አይጎዳቸውም።

መ) ውሃው በየሳምንቱ ይቀየር። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ሒሳብ አለ። በሳምንት ሁለት ግራም ምግብ የምንሰጥ ከሆነ፣ ከላይ እንዳየነው ናይትሬት ቢበዛ በሊትር ወደ 10 ሚሊ ግራም ይጨምራል። በየሳምንቱ የውሃውን ግማሽ ብንቀይር፣ ናይትሬቱ የቱንም ያህል ዘመን ቢቆይ ከ20 አያልፍም፤ ሩቡን ብንቀይር እስከ 40 ይደርሳል፤ አንድ አሥረኛውን ብቻ ብንቀይር እስከ 100 ይወጣል። ሕጉ የሳምንቱን ጭማሪ ለሚቀየረው ክፍልፋይ ማካፈል ነው። ከናይትሬቱ ጋር ዓይን የማያየው የበሰበሰ ነገርም አብሮ ይወጣል፤ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት በባልዲ ተቀድቶ ክፍቱን አንድ ቀን ይደር። ውሃው ክሎራሚን ካለበት ግን በማሳደር ብቻ አይጠፋምና ሶዲየም ታዮሰልፌት ያስፈልጋል።

ሠ) ማጣሪያው ይከበር። ከዓሣ የሚወጣውን አሞንያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ ይኖራሉ። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ዓሣ ማብዛት ዓሣውን በአሞንያ መመረዝ ነው፤ ከጠንካራ ብርሃን ጋር ሲገናኝም አልጌን ይጋብዛል። ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይታጠብ፤ ክሎሪን ባክቴሪያውን ይገድለዋልና።

ረ) ካርቦን አይርሳ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ 10,000 ጊዜ ያህል በዝግታ ይሰራጫል። ስለዚህ ጠንካራ መብራት የሚያበራ ሰው ካርቦን ካልጨመረ፣ ተክሉ ብርሃኑን ሊጠቀምበት አይችልም፤ የተረፈውን ብርሃን አልጌ ይወስደዋል። ጋዙን የሚጨምሩ ሰዎች በሊትር ከ20 እስከ 30 ሚሊ ግራም እንዲሆን ያደርጋሉ፤ ከዚህ በላይ ለዓሣ አደገኛ ነው፤ መዋዠቁም አይበጅም። የተማሪ ኪስ ይህን ካልቻለ መፍትሔው ቀላል ነው፤ መብራቱን መቀነስና በዝግታ የሚያድጉ ተክሎችን መምረጥ ነው። የውሃው እንቅስቃሴም ጋዙን ወደ ቅጠሉ ያደርሳል።

ሰ) ረዳቶች ይግቡ። ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ አልጌን ይግጣሉ። በአገራችን ወንዞች ውስጥም፣ በሳይንስ ጋራ ተብሎ ከሚጠራው ወገን የሆኑ ትንንሽ ዓሦች ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቁ ይኖራሉ። ነገር ግን ቀንድ አውጣን ከሐይቅና ከወንዝ ለቅሞ ወደ ቤት ማምጣት ክልክል ሊሆን ይገባዋል። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በብዙ ውሆቻችን ውስጥ አሉ፤ ከእነርሱ የሚወጣው ተባይም የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። በገንዳ ውስጥ ከተራባ፣ ከጥገኛ ተባይ ነጻ መሆኑ ከታወቀ ዘር ብቻ ይወሰድ።

6. ዓይነቱን በማየት ምክንያቱን ማወቅ

ቡናማ ትቢያ፦ ይህ ዲያቶም ነው። በአዲስ ገንዳ ይታያል፤ በጣት ሲነካ ይለቃል። ተጠርጎ በትዕግሥት ቢጠበቅ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሱ ይጠፋል።

በመስተዋት ላይ የሚጠነክር አረንጓዴ ነጠብጣብ፦ በምላጭ ይፋቃል። በዝግታ የሚያድጉ ቅጠሎች ላይ ከበዛ የመብራቱ ሰዓት ይቀነስ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ፎስፌት ሲያንስ እንደሚበዛ ይናገራሉ፤ ይህም ማስራብ መድኃኒት እንዳልሆነ ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ነው።

ክር መሳይ አልጌ፦ በጥርስ ብሩሽ እየተጠቀለለ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ይቀነስ፤ ዕፅዋቱም ይጨመሩ።

ጥቁር ጢም መሳይ፦ ስሙና መልኩ ሌላ ይሁን እንጂ ከቀይ አልጌ ወገን ነው፤ በአልኮል ሲነከር ቀይ ሆኖ ይታያል። የካርቦን መዋዠቅና የተጠራቀመ ቆሻሻ ያመጣዋል። የያዘው ቅጠል ይቆረጥ፤ ውሃውም ቶሎ ቶሎ ይቀየር።

አረንጓዴ ውሃ፦ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አልጌ ነው። ገንዳው ለ3 ወይም ለ4 ቀን በጨርቅ ተሸፍኖ ጨለማ ይሁን፤ የአየር ፓምፑ ግን አይጥፋ። ከጨለማው በኋላ ግማሹ ውሃ ይቀየር።

ሰማያዊ አረንጓዴ ንፍጥ መሳይ ሽፋን፦ ይህ መጥፎ ሽታ አለው፤ እንደ ቆዳም ይገፈፋል። እውነተኛ አልጌ ሳይሆን ሳይኖባክቴሪያ ነው። በጎማ ቱቦ ተስቦ ይውጣ፤ ለ3 ቀን ጨለማ ይደረግ፤ የውሃው እንቅስቃሴም ይጨመር። አንዳንዶች ለዚህ የሰው መድኃኒት የሆነውን አንቲባዮቲክ ይጨምራሉ። ይህ የሚነቀፍ ሥራ ነው፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችን ያፈራልና።

7. ከማድረግ የሚከለከሉ ነገሮች

የመዳብ ጨው አልጌን ይገድላል፤ ዳሩ ግን ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕን ፈጽሞ ይፈጃል፤ ዕፅዋትንም ይጎዳል። ገንዳንም በእንዶድ ማጠብ አይገባም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ታላቅ የምርምር መነሻ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ለበሽታ መከላከያ የሚጠቅመው ይህ ኃይል በገንዳችን ውስጥ ዓሣንም ይገድላል።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት፣ ብዙ አልጌ በአንድ ቀን መግደል ራሱ አደጋ መሆኑ ነው። የሞተው አልጌ ሲበሰብስ በውሃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ይህ በተለይ ደጋ ለምንኖር ሰዎች ያሠጋል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በአዲስ አበባ 6.2 ያህል ብቻ ይይዛል። ዓሣው ሌሊቱን ታፍኖ ጧት ተንሳፎ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ከገንዳ የተቆረጠ ተክልም ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ አይጣል፤ ደርቆ ይቃጠል ወይም ይቀበር። ለአበባው ውበት ከደቡብ አሜሪካ ወደ ብዙ አገር የተወሰደው እንቦጭ በአገራችን በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በ2011 ደግሞ በጣና ላይ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ ምን ያህል እንደተቸገሩ ሁላችንም ሰምተናል።

8. ከገንዳ ወደ ሐይቅ

ይህን ሁሉ የጻፍነው ለጠረጴዛ ጌጥ ብቻ አይደለም። በቆቃ ሐይቅ ውስጥ ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳይኖባክቴሪያ በብዛት እንደሚገኝና ጉበትን የሚጎዳ መርዝ እንደሚሠራ በጥናት ተረጋግጧል። መርዙ ውሃን በማፍላት አይጠፋም። የሐይቁን ውሃ የሚጠጣ ሰውና ከብት በዚያ ይኖራል። እዚያ ላይ ብርሃኑን እናጥፋ፣ ግማሹን ውሃ እንቀይር ማለት አይቻልም። የሚቻለው ከእርሻ፣ ከከተማና ከፋብሪካ የሚፈሰውን ፎስፎረስና ናይትሮጂን ከምንጩ መያዝ፣ በዳር ያሉትንም ዕፅዋት መጠበቅ ነው።

እንግዲህ የገንዳውና የሐይቁ ትምህርት የተጋጩ መስለው ቢታዩም አንድ ናቸው። በሁለቱም ቦታ የሚጠየቀው፣ ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል የትኛውን በእጃችን ልንቆጣጠር እንችላለን የሚለው ነው። በገንዳ መብራቱና ተክሉ ነው፤ በሐይቅ የሚገባው ቆሻሻ ነው። ይህን ለይቶ ያወቀ ተማሪ ነገ በአንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ፣ ውሃ ሲያረነጉድ ወደ መርዝ ጠርሙስ አይሮጥም፤ በመጀመሪያ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል።

ለአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

1ኛ) ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ስንት ሊትር ይይዛል? ከመቶ 15 እጁን ለጠጠርና ለክፍት ቦታ ብንቀንስ የሚቀረው ውሃ ስንት ነው?

2ኛ) ናይትሬት በሳምንት በሊትር 12 ሚሊ ግራም የሚጨምርበት ገንዳ፣ በየሳምንቱ ከመቶ 40 እጁ ውሃ ቢቀየር፣ ናይትሬቱ ቢበዛ ስንት ይደርሳል?

3ኛ) በሐይቅ 226 የተገኘው ውጤት ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ዓሣ በሚመገብበት ገንዳ ውስጥ ፎስፎረስን በማሳነስ አልጌን ለመቆጣጠር መሞከር ለምን አያዋጣም?

4ኛ) በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ኩሬ፣ ግድብ ወይም ሐይቅ ምረጡ። ዕፅዋት የሞሉበትና የጠራ ነው ወይስ በአልጌ የደፈረሰ? ወደ ውስጡ የሚገባውን ነገር ዘርዝራችሁ፣ ከመካከሉ በሰው እጅ ሊያዝ የሚችለው የትኛው እንደሆነ አመልክቱ።